96 ኮር ወይስ 32 ኮር? ለቡና ማሳ ዳታቤዝ ሰርቨር ስለመምረጥ

ጥያቄው፦ «ሦስት ሆነን ጅማ ውስጥ የቡና ማሳ መረጃ እናስተዳድራለን። የ100 ሺህ ሄክታር ቡና የሳተላይት ንባብ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ እናስቀምጣለን፤ አሁን ወደ 3 ቢሊዮን ረድፍ ደርሷል። አንድ ሪፖርት ማታ አስነስተነው ጠዋት ነው የሚያልቀው። ዋጋቸው የተቀራረበ ሦስት ፕሮፎርማ ይዘናል። አንደኛው ያገለገለ ባለ አራት ሶኬት (አራት ፕሮሰሰር የሚገባበት) ዚዮን ሰርቨር ነው፤ ባጠቃላይ 96 ኮር (ፕሮሰሰር ውስጥ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል)፣ 8 ፍሬ ባለ 64 ጊጋ ራም፣ ስምንት የሚሽከረከር ዲስክ። ሁለተኛው አዲስ ባለ አንድ ሶኬት ኤኤምዲ ኤፒክ ነው፤ 32 ኮር፣ 8 ፍሬ ባለ 64 ጊጋ ራም፣ አራት ኤንቪኤምኢ ዲስክ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ)። ሦስተኛው ስድስት ትንንሽ ሰርቨሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 16 ኮርና 64 ጊጋ ራም፣ በ1 ጊጋቢት ስዊች የተያያዙ። አለቆቻችን 96ቱን ኮር ነው የፈለጉት። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሁለተኛውን ግዙ፣ ባለ 32 ኮሩን። ዳታቤዝ ሳስተዳድር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በኮር ብዛት ተመርጦ ዓመት ሳይሞላው «ምነው ተንቀራፈፈ?» የተባለ ሰርቨር ደጋግሞ ገጥሞኛል። አለቆቻችሁን የምታሳምኑት ግን እናንተ ናችሁ። «አንድ ባለሙያ እንዲህ አለ» ብላችሁ ከምትገቡ ስሌቱን ይዛችሁ ብትገቡ ይሻላል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከዳታው መጠን እንነሳ። ከቁጥራችሁ ስገምት ንባቡ ሴንቲኔል 2 ከሚባሉት ሳተላይቶች ነው። የሴንቲኔል 2 አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ በሄክታር 100 ነጥብ ይወጣል፤ 100 ሺህ ሄክታር ደግሞ 10 ሚሊዮን ነጥብ። ሳተላይቶቹ በየአምስት ቀኑ ስለሚመለሱ በዓመት 73 ንባብ፣ 730 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። የአራት ዓመቱ ሲደመር ወደ 3 ቢሊዮን ይጠጋል፤ ካላችሁት ጋር ገጠመ። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ረድፍ ከዳታው ሌላ ወደ 28 ባይት ለራሱ ይይዛል፤ የማሳ መለያው፣ ቀኑና የቀለም ንባቦቹ ሲጨመሩ አንድ ረድፍ 100 ባይት ግድም ይመጣል። በጠቅላላው 300 ጊጋባይት፣ ኢንዴክስ (የመፈለጊያው ማውጫ) ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ሁሉም ነገር ከሱ ጋር እየተመዘነ ነው የሚሄደው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ለሳምንታት አይገለጥም። ያን ጊዜ ከተነሳው ንባብ አብዛኛው የደመና ጀርባ ነው፤ ስለ ቡናው የሚናገረው ነገር የለም። እሱን ዳታቤዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ካጣራችሁት ሪፖርታችሁ የሚያነበው በሚታይ መጠን ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ብር አታወጡም። ዛሬውኑ ጀምሩት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ፓራለል ዳታቤዝ ማለት ይኸው ነው፤ 3 ቢሊዮኑን ረድፍ ለብዙ ኮር ማከፋፈል። ነገር ግን ሎሚውን ከገበያ አምጥቶ የሚያድል አለ፤ በመጨረሻም ቆጥሮ የሚረከብ አለ። ሰርቨር ስትመርጡ የምትመርጡት በዋናነት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከተማችን ውስጥ የቡና መጋዘን ገብታችሁ ለቀማ አይታችሁ ከሆነ በቀላሉ ይገባችኋል። ለቃሚዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጆንያውን ከመጋዘን እያወጡ ፊታቸው የሚያፈሱት ተሸካሚዎች ናቸው። የተለቀመው ቡና ደግሞ በር ላይ ወዳለችው ሚዛን ይሄዳል። ሦስት ተሸካሚ ሠላሳ ለቃሚ ሊያበላ ይችል ይሆናል። ለቃሚዎቹን 96 አድርጋችሁ ተሸካሚዎቹን በሦስት ብትተዉ ግን የሚጨመረው የለቀማ ፍጥነት አይደለም፣ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ነው። ተሸካሚዎቹን አብዝታችሁም ሚዛኗ አንድ ከሆነች ሰልፉ እዚያ ይፈጠራል። ለቃሚው ኮሩ ነው፤ ተሸካሚው ዲስኩና የሜሞሪ ቻናሉ፣ ማለትም ከራም ወደ ፕሮሰሰር የሚወስደው መንገድ፤ ሚዛኗ ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ ሊከፋፈል የማይችለው ሥራ ናት።

አሁን ፕሮፎርማዎቹን በዚህ ዓይን እንያቸው። በመጀመሪያው ላይ ያሉት ፕሮሰሰሮች የ2017ቱ የዚዮን ስኬለብል ትውልድ ከሆኑ (ባለ 24 ኮር አራት መሆናቸው ወደዚያ ያመለክታል) እያንዳንዳቸው ስድስት የሜሞሪ ቻናል አላቸው። አራቱ አንድ ላይ 24 ቻናል። የተጻፈላችሁ ራም ግን 8 ፍሬ ብቻ ነው! ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሁለት ፍሬ ይደርሰዋል፤ ከስድስቱ መንገድ አራቱ ባዶ ይቀራሉ። በዲዲአር4 2666 ራም አንድ ቻናል በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ስምንቱ ሲደመሩ 170 ጊጋባይት። ለ96 ኮር ስታካፍሉት ለአንዱ ኮር 1.8 ጊጋባይት አይሞላም። ሁለተኛው ላይ ያለው ኤፒክ፣ ሚላን የሚባለው የ2021 ትውልድ ከሆነ፣ በአንድ ሶኬት ስምንት ቻናል አለው፤ ስምንቱም ራም ይገባባቸዋል። ዲዲአር4 3200 በቻናል 25.6፣ ባጠቃላይ 204.8 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። ለ32 ኮር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6.4 ይደርሰዋል። የ512 ጊጋ ራም መጠን በሁለቱም ፕሮፎርማ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተጽፏል፤ ወደ ኮሩ የሚወስደው መንገድ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። አለቆቻችሁ ፊት መጀመሪያ የማቀርበው ይህን ቁጥር ነበር።

ነገሩ በቻናል ብዛት ብቻ አያበቃም። ባለ አራት ሶኬት ሰርቨር ውስጥ ራሙ የአንድ ቤት ጓዳ አይደለም፤ የአራት ጎረቤታሞች ጓዳ ነው። አንድ ኮር ከራሱ ሶኬት ጋር ከተያያዘው ራም ሲያነብ ከ80 እስከ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የጎረቤቱን ሲጠይቅ በሶኬቶቹ መካከል ያለውን ማገናኛ ስለሚሻገር አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም እጥፍ ይሆንበታል። ኑማ የሚባለው ይህ ነው። ሊኑክስ ላይ «ኑማሲቲኤል» በሚባለው ትዕዛዝ ሃርድዌሩን ስታሳዩት የርቀት ሰንጠረዥ ያወጣላችኋል፤ ከራስ ወደ ራስ 10፣ ወደ ሌላው ሶኬት ደግሞ በኢንቴል ማሽኖች ላይ በብዛት 21። ፖስትግሬስ ያነበበውን ዳታ ራም ላይ የሚያቆይበት፣ ሸርድ በፈር የሚለው አንድ የጋራ ገንዳ አለው፤ የሚፈልገው ገጽ በየትኛው ጎረቤት ጓዳ እንዳለ እያየ ሥራ አያከፋፍልም። ስለዚህ በአራት ሶኬት ላይ ዳታው እኩል ተበትኖ ከተቀመጠ ከአራት ንባብ ሦስቱ ጎረቤት የሚያንኳኳ ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ባለ አራት ሶኬት ሰርቨር ገዝቶ ሪፖርቱ ከአሮጌው ብዙም አልፈጠነም ብሎ ጠራኝ። መጀመሪያ ዳታቤዙን ነበር የተጠራጠርኩት፤ ግማሽ ቀን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) ሳገላብጥ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ያንን የርቀት ሰንጠረዥ ሳወጣ ሁለቱ ሶኬቶች ፊት ለፊት የራም መጠን 0 ይላል። አጥፍተን ክዳኑን ከፈትነው። ቀይ አቧራ ማራገቢያዎቹ ላይ በስሱ ተኝቷል። ራሞቹ በሙሉ ከፊት በኩል ባሉት ሁለት ፕሮሰሰሮች ዙሪያ ተጠቅጥቀዋል፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ዙሪያቸው ነጭ ባዶ መክተቻ ብቻ ነው። ግማሹ ኮር እያንዳንዷን ባይት ከጎረቤት እየተበደረ ሲሠራ ከርሟል ማለት ነው። ራሙን ለአራቱም እኩል አካፍለን መልሰን ስናስነሳው በማግስቱ ሪፖርቱ ከምሳ በፊት አለቀ። የተገዛ ነገር የለም፤ የተጨመረ ኮርም የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ሰርቨር ከኮሩ በፊት በራም አደራደሩ ነው የምመረምረው።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ ስሌቱ አጭር ነው። ስምንት የሚሽከረከር ዲስክ እያንዳንዱ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢሰጥ እንኳ አንድ ላይ 1.6 ጊጋባይት ነው፤ 300 ጊጋውን ለማንበብ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ይህም አንድ አንባቢ ብቻ በተርታ ሲያነብ ነው። ብዙ ሠራተኛ ፕሮሰስ ከየአቅጣጫው ሲጠይቀው የዲስኩ ክንድ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል፤ 96ቱን ኮር ባስነሳችሁ ቁጥር የባሰ ይሆናል። አራት ኤንቪኤምኢ ግን አምራቾቹ ከሚሉት ግማሹን፣ እያንዳንዱ 3 ጊጋባይት ብቻ እንኳ ቢሰጥ፣ 12 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። 300 ጊጋ በ25 ሰከንድ ማለት ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትጠይቁት የሚንከራተት ክንድ የለውም። አሮጌው ሰርቨራችሁ ላይ ሌሊቱን የሚበላው ጉዳይ ከሞላ ጎደል እዚህ ይመስለኛል። ሪፖርቱ በሚሮጥበት ሰዓት የዲስኩን ሥራ የሚያሳየውን «አዮስታት» ከፍታችሁ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ኮሮቹ ሥራ ፈትተው ካገኛችኋቸው ምንም ጥርጥር የለውም።

ሚዛኗን አልረሳሁም። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 ያሳየው ሒሳብ ዛሬም አልተሻረም፤ ከሥራው 5 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ኮር የፈለገውን ያህል ቢበዛ ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አያልፍም። ቁጥሩን አስገብታችሁ ብትሠሩት 32 ኮር 12.5 እጥፍ ያህል ይሰጣችኋል፤ 96 ኮር ደግሞ 16.7። ኮሩን ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ያገኛችሁት ጭማሪ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ያውም ራሙና ዲስኩ ሁሉንም ማብላት ችለው ነው። የናንተ 5 በመቶ የት አለ ብትሉ፣ የመጨረሻው ድምር በአንድ ፕሮሰስ ይሰበሰባል፤ ዳታ ሲገባም ሁሉም ጽሑፍ ዋል በሚባል አንድ የለውጥ መዝገብ በኩል ያልፋል። ፖስትግሬስ ላይ አንድን ኩዌሪ ለብዙ ኮር ማከፋፈል የመጣው በ2016 በ9.6 እትም ነው፤ እስካሁንም ተራ ኢንሰርትና አፕዴት (ረድፍ ማስገባትና መለወጥ) በዚያ መንገድ አይከፋፈሉም። ከዚህ የተነሳ ዳታ ስታስገቡ ሠንጠረዡን በወር በወር ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ኮፒ ትዕዛዝ በትይዩ ማስነሳት ይኖርባችኋል።

እዚሁ ላይ አሮጌው ሰርቨራችሁ ላይ አሁኑኑ የምታዩት ነገር አለ። ፖስትግሬስ ሲጫን ለአንድ ኩዌሪ የሚፈቅደው ረዳት ሠራተኛ ሁለት ብቻ ነው፤ «ማክስ ፓራለል ወርከርስ ፐር ጋዘር» የሚለው መቼት ነው። ለጠቅላላው ሰርቨር ደግሞ ስምንት። ያልነካችሁት ከሆነ 96 ኮር ገዝታችሁም ሪፖርታችሁ በሦስት ኮር ነው የሚሮጠው፤ 93ቱ ያንቀላፋሉ። ሸርድ በፈርም ሲጫን 128 ሜጋባይት ነው። ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት እነዚህን አስተካክላችሁ አንድ ሌሊት ሞክሩት።

ስድስቱን ትንንሽ ሰርቨሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ለእውነተኛ ግዙፍ ዳታ ያሸነፈው እሱ ነው። ቴራዳታ የተባለው ኩባንያ በ1984 ያወጣው ዲቢሲ 1012 ብዙ ተራ ፕሮሰሰሮችን እያንዳንዱን ከየራሱ ዲስክ ጋር አሰልፎ የሠራ ማሽን ነበር። የዳታቤዝ ተመራማሪው ማይክል ስቶንብሬከር በ1986 «ምንም አለመጋራት» (እያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ራምና ዲስክ ይዞ መሥራቱ) የተሻለ መንገድ ነው ብሎ ጻፈ፤ ዴቪድ ዴዊትና ጂም ግሬይም በ1992 ይህንኑ አጸኑት። ነገር ግን ቴራዳታ ማሽኖቹን ያገናኘው ዋይኔት በሚባል ለዚሁ በተሠራ ማገናኛ ነው። የናንተ ባለ 1 ጊጋቢት ስዊች በአንድ ገመድ ከ125 ሜጋባይት በላይ በሰከንድ አያሳልፍም። ሁለት ትልልቅ ሠንጠረዦች ሲጋጠሙ ዳታው በስድስቱ መካከል እንደገና መታደል ካለበት እያንዳንዱ ሰርቨር ከያዘው 50 ጊጋ ወደ 42ቱን ለሌሎቹ ይልካል፤ መንገዱ ብቻ አምስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። አንዱ ኤንቪኤምኢ ያለበት ሰርቨር በ25 ሰከንድ ያነበበውን ነው። ሌላም አለ፤ ዳታውን በወረዳ ከከፈላችሁት ቡና የበዛባቸውን ጎማንና ሊሙ ኮሳን የያዘው ሰርቨር ሲያልበው ቡና ያነሰበትን ወረዳ የያዘው ቀድሞ ጨርሶ ይቀመጣል፤ ሪፖርቱ የሚያልቀው የመጨረሻው ሲያልቅ ነው። እንዲያ ዓይነት ሥርዓት የሚያስፈልጋችሁ ዳታው በአንድ ሰርቨር የማይቻል ሲሆን ነው። 300 ጊጋ፣ በዓመት 73 ጊጋ እየጨመረ፣ ዛሬ በ512 ጊጋ ራም ውስጥ ይገባል። ለሦስት ሰው ደግሞ ስድስት ሰርቨር መጠበቅ ሌላ ሥራ መቀጠር ነው።

ፖስትግሬስ ነፃ ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ አልገባበትም። ወደፊት በክፍያ ወደሚሸጡት ዳታቤዞች፣ ወደ ኦራክል ወይም ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ የመሄድ ሐሳብ ካለ ግን ክፍያው በብዛት በኮር ነው፤ የኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድ እትም እስከ 2022ቱ ድረስ ከ24 ኮር በላይ ቢኖርም አይጠቀምም።

አሁን ሻጮቹ የማይነግሯችሁ፣ ጅማ መሆናችን ያመጣው ጉዳይ። ብዙ ሰርቨር እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሥር ባለው ደቂቅ ጽሑፍ ግን ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ለናንተ ጣሪያው ወደ 32 ይወርዳል። መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ አራት ፕሮሰሰር እያንዳንዱ 150 ዋት ሲያወጣ ያን ጣሪያ ለመንካት ከሰዓት በኋላ አንድ መብራት መጥፋትና የማቀዝቀዣው መቆም ይበቃል። ሁለተኛው ፕሮፎርማ ላይ ያለው አንድ ፕሮሰሰር ወደ 225 ዋት ነው። ልዩነቱን በዩፒኤስ ደቂቃ ቁጠሩት፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆያችሁ እሱ ነው። የመሬት ሽቦውንም ከክረምቱ በፊት አስለኩት፤ የጅማ መብረቅ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ከመብራቱ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። አራቱ ኤንቪኤምኢ መብራት ሲጠፋ የያዙትን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር ያላቸው፣ ለሰርቨር የተሠሩ መሆን አለባቸው። ለላፕቶፕ የተሠራው ዋጋው ያባብላል፤ ፍጥነቱም መጀመሪያ ላይ ያው ይመስላል። ግን ፖስትግሬስ «ጻፍከው?» ሲለው «አዎ» ብሎ ገና በጊዜያዊ ሜሞሪው ይዞት ሊሆን ይችላል፤ መብራት ከጠፋ ያ መዝገብ የለም። ፕሮፎርማው ላይ ይህ ካልተጻፈ አስጽፉ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ፕሮፎርማ እንዲህ አስተካክሉት። ስምንቱ ራም በስምንቱ ቻናል አንድ አንድ እንዲገባ በጽሑፍ ይስፈር፤ ስምንት መክተቻ በትርፍነት ቢቀር ለነገ ማሳደጊያ ይሆናል። ባዮሱ ላይ ኤንፒኤስ የሚለው 1 ይሁን፤ ያኔ ስምንቱም ቻናል እንደ አንድ ገንዳ ይሠራል። ዲስኮቹን በሬይድ 10 (እያንዳንዱ ዳታ በሁለት ዲስክ ላይ በሚጻፍበት አያያዝ) አስሯቸው። ገንዘብ ከተረፈ በኮር ላይ አታውሉት፤ ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይና ትልቅ ዩፒኤስ ግዙበት። አሮጌውን ሰርቨር አትጣሉት፤ ሪፕሊካ (የዋናውን ዳታ የሚከተል ቅጂ) አድርጋችሁ በሌላ ሕንፃ አስቀምጡት።

አለቆቻችሁ አሁንም 96 ካሉ በወረቀት አትከራከሩ። ከዳታው 30 ጊጋ ናሙና ቆርጣችሁ ባገኛችሁት ብዙ ኮር ያለው ማሽን ላይ፣ በውሰትም በሰዓት ኪራይም፣ ያንኑ ሪፖርት በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16፣ በ32 ሠራተኛ አስሩጡት፤ ሰዓቱን በወረቀት ላይ ሳሉ። መስመሩ መጀመሪያ በቀጥታ ይወርዳል፣ ከዚያ ይተኛል። የሚተኛበት ነጥብ ላይ ያለው ቁጥር የናንተ የኮር ቁጥር ነው። ናሙናው ራም ውስጥ ስለሚገባ ዲስኩን አይፈትሽም፤ ዲስኩን ለብቻው በ«ኤፍአይኦ»፣ ሜሞሪውን ደግሞ በ«ስትሪም» ለኩ።

ሰርቨሩ ሲመጣ ክዳኑ ሲከፈት ከአጠገቡ ቁሙ፤ ራሙን በጣታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ፖስትግሬስ ጭናችሁ የሙከራ ዳታ እየገባ ሳለ፣ ዩፒኤሱን አልፋችሁ፣ የኃይል ገመዱን ከሰርቨሩ ጀርባ ንቀሉት። ስትመልሱት ኮሚት ተደርጓል (ተጽፎ ጸንቷል) የተባለው ረድፍ ሁሉ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አንድም ረድፍ ካልጎደለ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለት፤ ከጎደለ ሳጥኑ እንደመጣ ይመለስ።